ቅኝቱ ከወሎ፣ እንጀራው ከሌላ አገር

ከታወቁት አራት የአገራችን ቅኝቶች ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው፤ ሁለቱም ቦታዎች የደሴና የኮምቦልቻ ጎረቤት ናቸው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ውጫሌንና ግሸን ማርያምን የያዘው ተራራማ ወረዳ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የሚያገኛት፣ ሰኞ ሰኞ ደገኛውና አፋሩ የሚገበያዩባት ከተማ ናት። ትዝታንና አንቺ ሆዬንም ቢሆን ወሎዬው የኔ ናቸው ይላል እንጂ ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ አዲስ አበባ ይወለድ ጅማ እነዚህን ስሞች ሳያውቅ አይመረቅም። ዘፋኝ ስቱዲዮ ሲገባም ለኪቦርድ ተጫዋቹ በቅድሚያ የሚነግረው ዘፈኑ ባቲ ይሁን አምባሰል ነው።

ስሙ እንዲህ የገነነ አገር ግን ባለሙያዎቹን በቤታቸው ማኖር አልቻለም። ከወሎ የወጣ ድምፃዊ ወይም ተጫዋች በየዘመኑ በምን ተዳደረ? ማን ከፈለው? ለምንስ ለቆ ሄደ? መልሱ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። ደሴ ራሷ ለዘፋኞቿ የከፈለችበት ጊዜ ግን አጭር ነበር፤ የብዙዎቹ የሙያ ሕይወት የተቀረጸውም በዚያ አጭር ጊዜና ከዚያ በኋላ በመጣው ባዶነት ነው።

ቀድሞ ነገሩ የአዝማሪ ነበር። ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ሠርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት የሚዞረው አዝማሪ ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው በሽልማት ነው። አሞግሶም ሸንቁጦም እንጀራውን ያገኛል። ዛሬም ቢሆን ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር የብዙ የባህል ምሽት ቤት ዘፋኞች ዋና ገቢ ነውና ይህ ዘመን ሙሉ በሙሉ አልፏል ማለት አይቻልም።

ደርግ ሲመጣ ኪነት መጣ። ከቀበሌ ተጀምሮ በከፍተኛና በአውራጃ በኩል እስከ ክፍለ ሀገር የሚደርስ የኪነት ቡድን በየቦታው ተቋቋመ። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ደግሞ ላሊበላን አቆመ። መቀመጫውን ደሴ ያደረገው የላሊበላ ኪነት ለወሎ ድምፅ እንደ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ልምምድ፣ አልባሳት፣ መኪና፣ መድረክ ነበረው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የገጠር ልጅ ዘፋኝነትን ሥራዬ ብሎ እንዲይዝ የሚያደርግ መዋቅር ሰጠ። ማሪቱ ለገሰና ዚነት ሙሐባ የወጡት ከዚህ ቤት ነው።

ኪነት የተቋቋመው ለቅስቀሳ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። ቡድኖቹ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ዘመቻው፣ ስለ ምርቱ እንዲዘፍኑ ይታዘዙ ነበር። ከዚያ ሁሉ የቅስቀሳ ዘፈን በሕዝቡ ጆሮ የቀረው ግን ጥቂት ነው። የቀረው አምባሰሉ ነው፤ የቀረው የማሪቱ ድምፅ ነው። ከላይ ተነሥቶ፣ አንድ ቃል ላይ ቆሞ፣ እየተንቀጠቀጠና እየተሰበረ ወደ ታች የሚወርደው ያ ድምፅ ማሪቱን የአምባሰል ንግሥት አሰኝቷታል። መንግሥት ለሌላ ዓላማ ያቆመው ተቋም ሳያስበው ለባህል ትልቅ ውለታ ዋለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አምባሰልን መዝፈንም ሆነ መጫወት ቀላል አይደለም። አንድ ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር ማየት ነው። ክራሩ ስድስት ክር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው አንዱን በሌላ ከፍታ ይደግማል። ተጫዋቹ ላይኛው አግዳሚ ላይ የተጠመጠሙትን መቃኛዎች አንድ በአንድ ያዞራል፤ ይህን ክር ላላ፣ ያንን ጠበቅ ያደርግና በጣቱ መታ እያደረገ ጆሮውን ወደ ክራሩ ያዘነብላል። በሙሉው ትዝታ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው አንድ ሙሉ ደረጃ ይርቃል፤ በአምባሰል ግን ግማሽ ደረጃ ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ክሩ ትንሽ ከሳተ ዜማው ይበላሻል። የማሲንቆ ተጫዋቹ ችግር ሌላ ነው፤ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ስላለው የሚያዞረው መቃኛ አይረዳውም፤ ቅኝቱ ያለው በግራ እጁ ጣቶች ላይ ነው። ይህ እውቀት ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው አብሮ በመዋል ነውና የላሊበላ ኪነት ልምምድ ክፍል ትምህርት ቤትም ነበር።

ዓለም ወሎን በስም ያወቀው ግን በቅኝቱ አልነበረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የረሃቡን ምስል አሰራጨ፤ ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ በለንደን ባንድ ኤይድ የተሰኘው የዘፋኞች ስብስብ ለረሃቡ እርዳታ ዘፈን ቀዳ፤ ቀጥሎ አሜሪካኖቹ የራሳቸውን አዘጋጁ። ካናዳውያንም የካቲት 3 ቀን 1977 ዓ.ም. ቶሮንቶ ውስጥ ተሰብስበው፣ ዴቪድ ፎስተር፣ ብራያን አዳምስና ጂም ቫላንስ ባዘጋጁት ዜማ ለኢትዮጵያ ረሃብተኛ ዘፈኑ። ጎርደን ላይትፉት፣ ጆኒ ሚቸል፣ ኒል ያንግ፣ አን መሪ፣ የራሽ ባንዱ ጌዲ ሊ፣ የጃዙ ኦስካር ፒተርሰን በዚያች ቀን በአንድ ስቱዲዮ ነበሩ።

በቀረጻው መካከል ፎስተር ለኒል ያንግ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ማለቱን ሲነግረው፣ ያንግ የኔ አዘፋፈን እኮ ይኸው ነው ብሎ መለሰለት። ይህን ታሪክ የወሎ አዝማሪ ቢሰማው ወዲያው ይገባዋል። በፒያኖ የተገራ ጆሮ አንቺ ሆዬን ሲሰማ ስሕተት ይመስለዋል፤ ዜማው ግን ያለው እዚያው ስሕተት በሚመስለው ቦታ ላይ ነው።

የእነዚህ ካናዳውያን የሙያ ጉዞ ለወሎው ጥያቄ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ካናዳ ሰፊ ናት፤ ሕዝቧ ግን ጥቂት ነው፣ አጠገቧም የዓለም ትልቁ የዘፈን ገበያ አለ። ስለዚህ ሥራ ያሰበ ሁሉ ይሰደድ ነበር። ኒል ያንግ በዊኒፔግ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1966 ሎስ አንጀለስ ገባ፤ የሳስካቱኗ ጆኒ ሚቸልም ስሟን የተከለችው አሜሪካ ሄዳ ነው። መንግሥት ይህን ፍሰት ሲያይ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳውያን እንዲሆን አስገደደ፤ በኋላም ወደ 35 በመቶ ከፍ አለ። ሕጉ ጉድለት አላጣም። ከቶሮንቶ የተነሣው ራሽ መጀመሪያ የታወቀው የአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ሬዲዮ ዘፈኑን ስላሰማለት ነው፤ ብራያን አዳምስም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው አልበም ዘፈኖቹን ከውጭ አገር ሰው ጋር ስለጻፈ ብቻ የካናዳ ሥራ አይደለም ተብሎ ብዙ አከራክሯል።

ቢሆንም ሕጉ በቤት የመቅረትን ዕድል ፈጠረ። ከኪንግስተን ከተማ የወጣው ዘ ትራጂካሊ ሂፕ የተሰኘው ባንድ በአሜሪካ ያን ያህል ሳይታወቅ ከ30 ዓመት በላይ በአገሩ ሰው ብቻ ኖረ። ድምፃዊው ጎርድ ዳውኒ በማይድን የአንጎል ካንሰር ከተያዘ በኋላ የመጨረሻውን ዝግጅት ነሐሴ 14 ቀን 2008 ዓ.ም. እዚያው ኪንግስተን አደረጉ፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ ካናዳውያንም በቴሌቪዥን ተከታተሉት። ኪንግስተን ዋና ከተማ አይደለችም፤ ከትልቁ ከተማ በሰዓታት መንገድ የምትርቅ መካከለኛ ከተማ ናት። ደሴም እንደዚያው ናት። ልዩነቱ የኪንግስተን ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ በቂ ገቢ ማግኘቱ ላይ ነው።

በደሴ ግን ኪነት ሲዳከም የሚተካው አልነበረም። ከረሃቡ በኋላ መንግሥት ለዓለም ምስጋና እንዲያቀርብ ያዘጋጀው ሕዝብ ለሕዝብ የተሰኘው ጉዞ ከየቡድኑ የተውጣጡ ባለሙያዎችን ይዞ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን አዳረሰ፤ የኪነት ዘመን ትልቁ መድረክ ያ ሳይሆን አይቀርም። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ግን የየክፍለ ሀገሩ ቡድኖች የነበራቸውን ድጋፍ ይዘው መቀጠል አልቻሉም። ሥራው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ተጠቃለለ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ካሴት ነግሦ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ስለቆለፈው ባንዶች በየሆቴሉ ነበር የሚሠሩት፤ ዋሊያስ በሂልተን፣ ዳህላክ በግዮን። የላሊበላን ጥንታዊ ስም የያዘው ሮሃ ባንድ ከ200 በላይ አልበሞችን እንዳጀበ ይነገራል። አምባሰል የሚል ስም የያዘ ሙዚቃ ቤትም ነበር፤ የተራራው ስም በካሴት ልባስ ላይ ታትሞ አገር ምድሩን ዞረ። ካሴቱ ወደ ወሎ የሚመለሰው በሾፌሮች እጅ ነበር። ኮምቦልቻ የመቀሌው መንገድና ወደ ባቲና ሚሌ አልፎ ወደብ የሚወርደው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ በመሆኗ፣ ከባድ መኪናው ሲያድር ዘፈኑም አብሮት ያድር ነበር።

ችግሩ የአከፋፈሉ ነበር። ዘፋኙ ሥራውን ለሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይወጣል፤ ካሴቱ ከዚያ በኋላ ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ፣ እሱን አይመለከተውም። የግጥምና ዜማ ደራሲውም እንደዚያው። ከባህል ዜማ የሚነሣ የወሎ ዘፋኝ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነበረበት፤ አንድ ዜማ የሕዝብ ነው ከተባለ ማንም ወስዶ ይሠራበታል፣ ያሳደገው ሰው ግን አይጠየቅም። አምባሰልን በአዲስ መልክ የሠሩ ድምፃውያን ስንቶቹ የላሊበላ ኪነትን ባለሙያዎች በልባሱ ላይ እንዳመሰገኑ ካሴቶቹን ገልብጦ ማየት በቂ ነው።

ስለዚህ ስደት መጣ። የአዲስ አበባዎቹ ቀድመው ሄደዋል፤ ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲዞር ከአባላቱ ገሚሱ እዚያው ቀሩ። ከእነዚያ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ከወጣ በኋላ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። ማሪቱ ለገሰም ለረጅም ዓመታት አሜሪካ ኖራ ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው። የአምባሰል ንግሥት ብሎ የሾመ ሕዝብ ንግሥቲቱን በድምፅዋ ምርጥ ዘመን ከአምባሰል እጅግ ርቃ እንድትኖር መተዉ የሚያሳዝን ነው፤ የሚያሳፍርም ጭምር።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የስደተኛ ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ ውስጥ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊኬንድ ብሎ የሚያውቀው፣ በእናቱና በአያቱ እጅ አማርኛ እየተናገረ አደገ። ዘፈኖቹን መጀመሪያ ማንነቱን ሳይገልጥ በዩቲዩብ ለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያ ስብስቡን በነጻ አሰራጨ፤ ከ10 ዓመት በኋላ በሱፐር ቦውል መድረክ ላይ ብቻውን ቆመ። ስታርቦይ በተሰኘው አልበሙ ውስጥ አስቴር አወቀን ያሰማል። ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት 50 ሺህ ዶላር፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ለተጎዱ ኢትዮጵያውያን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ከኤድመንተን የተነሣችው ሩት ቢ.ም የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት፤ እሷም በስልክ በቀዳቻቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ነው የታወቀችው። ድምፃቸው ውስጥ የትዝታ ጥላ አለ ብለው የሚከራከሩ አድማጮች ሞልተዋል፤ ያን ለጆሮ መተው ይሻላል። የማያከራክረው ነገር ሁለቱም ሥራቸውን ሲጀምሩ የሚከፍል ገበያ፣ መብት የሚያስከብር ሕግና ገንዘቡን ቆጥሮ የሚያደርስ ድርጅት በአገራቸው ማግኘታቸው ነው።

ስለ ወሎ ድምፅ ሲነሣ የሙስሊሙን መንፈሳዊ ዜማ፣ መንዙማን፣ ሳያነሡ ማለፍ ግፍ ነው። እዚህ ያለው የሙያ ሕይወት ከዘፈኑ ፈጽሞ ይለያል። ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ሾንኬ የሚባሉት የእስልምና የትምህርት ማዕከሎች ትውልድ ያለፈ ትውልድ የሚያነበንባቸውን ግጥሞች በዐረብኛም በአማርኛም አፍርተዋል። ሼኾቹ ደራሲዎች ነበሩ፤ ለድርሰታቸው ዋጋ አልጠየቁም። መንዙማ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ጉባኤ ላይ፣ በመውሊድ ሌሊት፣ በድቤና በጭብጨባ ይባላል፤ አውጪው አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ተቀባዩ ያነሣዋል፣ እንዲህ ሲባል ይነጋል። የጀማ ንጉሥ መውሊድ ዛሬም በየዓመቱ ከሩቅ አገር ሰው ይሰበስባል።

ካሴት ሲመጣ መንዙማም ከወዳጃው ቤት ወጥቶ በየታክሲውና በየሱቁ መሰማት ጀመረ፤ መሐመድ አወል ሐምዛ በዚህ ረገድ ስሙ ከሁሉ በላይ ይጠራል። ክርስቲያኑም ገዝቶ ያዳምጥ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ድቤውንና ወዳጃውን የሚቃወሙ የሃይማኖት ወገኖች ከ1983 ወዲህ በርትተው ቢነሡም መንዙማ አልሞተም። ምክንያቱ የሚመስለው ኑሮው በካሴት ሽያጭም ሆነ በመንግሥት በጀት ላይ አለመመሥረቱ ነው። ጠባቂው የሚያምንበት ማኅበረሰብ ነው፤ አቅራቢው ሌላ ሥራ አለው፣ ነጋዴ ወይም ገበሬ ወይም መምህር ነው። ዘፋኙ ደግሞ ይህን የመሰለ ጠባቂ አላገኘም።

ወደ ዛሬ ስንመጣ፣ ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራ ፋብሪካና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ ደመወዝተኛ ወጣት አለ፤ ሆቴልም አለ። ደሴ የወሎ ባህል አምባ አላት። የሌለው ነገር በእነዚህ መካከል የሚያገናኝ ሥራ ነው፦ በየሳምንቱ የሚጫወት፣ ትኬት የሚሸጥ፣ በከተማው ስም የሚጠራ ባንድ። ወጣቱ ድምፅ ሲኖረው የሚያስበው ስለ ባላገሩ አይዶልና ስለ ፋና ላምሮት ነው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ያበቃሉ። ጥር ሲመጣ ሠርግ አለ፤ ጥር ሲያልፍ ጾሙ ይገባል፣ ኪቦርዱም በሽፋኑ ውስጥ ይከርማል።

በላዩ ላይ ጦርነቱ ደረሰ። ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት 2014 ማብቂያ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ሙዚየም ሲዘረፍ ቢያንስ የጠፋው ዕቃ ስም በመዝገብ ላይ ይኖራል። የላሊበላ ኪነት ቅጂዎች፣ ፎቶግራፎችና የልምምድ ማስታወሻዎች ግን በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስላልተመዘገቡ ቢጠፉ እንኳ ማን ያውቃል? በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ ነገ ሊጀምረው ይችላል። የሚያስፈልገው ድምፅ መቅጃ፣ ጥቂት ወጣት ተመራማሪዎችና የቀሩትን አንጋፎች ቤት ማንኳኳት ነው።

የገንዘቡ ጉዳይም መንገድ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ በ2007 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ የሮያሊቲ ሰብሳቢ ማኅበር እንዲሠራ በር ከፍቷል። በ2011 ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የተሰኘውን የስልክ መተግበሪያ ሲያቀርቡ ዓላማቸው ይኸው ነበር፤ አድማጩ በስልኩ ከፍሎ እንዲሰማ፣ ገንዘቡም ለባለሙያው እንዲደርስ። ለአዲስ ዘፈን ይህ ይሠራል። ለቀድሞዎቹ ግን መጀመሪያ የማን ቅጂ የማን እንደሆነ፣ ግጥሙን ማን እንደጻፈ፣ ማሲንቆውን ማን እንደመታ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ያለ ስም የሚከፈል ሮያሊቲ የለም።

ለዚህ ደግሞ ጊዜው እየጠበበ ነው። አዋጁ ለከዋኝ የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ሲሆን ስሌቱ ከቅጂው ዓመት ይጀምራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በላሊበላ ኪነት የተቀዳ ድምፅ ከ2020ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ማንም ለከዋኙ ሳይከፍል የሚያባዛው ይሆናል። ያን ድምፅ ካወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ መብታቸው ሳያልፍ ስማቸውን መዝግቦ ድርሻቸውን ማስላት ለዞኑ ባህል መምሪያ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለባለሙያ ማኅበራቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።